የየቀኑን ሽያጭ ከባንክ ጋር የምታመሳክር አካውንታንት

መገናኛ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሂሳቤን የምትይዘው ከሱቅ ሱቅ እየዞረች የምትሠራ ወጣት አካውንታንት ናት። በወር 4,000 ብር እከፍላታለሁ። ይገባታል።

ብዙዎቹ አካውንታንቶች የወሩን ዜድ ሪፖርት (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ቀኑ ሲዘጋ የሚያወጣውን የሽያጭ ድምር) ይደምራሉ፣ 15 በመቶ ቫቱን ያሳውቃሉ፣ በቃ። የባንክ ስቴትመንት የሚጠይቁት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ያኔ ደግሞ የትኛው ገንዘብ ከየት እንደገባ የሚያስታውስ የለም። ግብር ሰብሳቢው ግን ይጠይቃል። ማስረጃ ያላቀረብክበት ገቢ ሁሉ ያልተመዘገበ ሽያጭ ሊባል ይችላል። ከወንድምህ የተበደርከው እንኳን!

እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የእያንዳንዱን ቀን ዜድ ትይዝና በጥሬ ገንዘብ፣ በቴሌብር፣ በባንክ ዝውውር እና በዱቤ ትከፋፍለዋለች። ድምሩ ከዜዱ ጋር እኩል ካልሆነ ወደሚቀጥለው ቀን አታልፍም። ለምሳሌ አንድ ሰኞ ዜዱ 18,400 ብር ነበር። ቴሌብር 6,150፣ ዝውውር 4,750፣ ጥሬ ገንዘብ 7,500። ባንክ የገባው ጥሬ ገንዘብ ግን 6,600 ነው። 900ው የት ሄደ? ለጫኝና አውራጅ ከመሳቢያ ተከፍሏል። እሱን በወጪ ቫውቸር አስፈርማ ከዜዱ ጋር አያያዘችው። አሁን የሱቁ ሠራተኞች ከመሳቢያ ብር ሲያወጡ ሳይነገራቸው ቫውቸር ይጽፋሉ።

በጣም የወደድኩት የቴሌብሩን አያያዝ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የጥሬ ገንዘብ ሽያጫችን እየቀነሰ ነው። የተጠራቀመውን አርብ ላይ ወደ ባንክ አዛውረዋለሁ። ስቴትመንቱ ላይ በአንድ ጊዜ 30,000 ብር ገብቶ ይታያል። «ጋሼ፣ ይቺ አዲስ ሽያጭ አይደለችም፤ በየቀኑ ተመዝግባለች፤ ከኪስ ወደ ኪስ ነው የሄደችው» አለችኝ። የቴሌብሩን ታሪክ አሳትማ ከስቴትመንቱ ጀርባ ስቴፕል አደረገችው። እንደ ሽያጭ ቢቆጠር ኖሮ ያንኑ ብር ሁለት ጊዜ አገኘህ ልባል ነው።

ለመሥሪያ ቤት ስንሸጥም እንዲሁ ነው። በ46,000 ብር ደረሰኝ የሸጥነው ባንክ ሲገባ አንሶ ይገባል፤ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ቀንሶ በስሜ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባው ቅድመ ግብር) ተቀንሶበታል። እሷ ልዩነቱን «የጠፋ» ብላ አትዘለውም። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ከገዢው እስክታገኝ ድረስ ትደውላለች። ዓመቱ ሲዘጋ ከግብሬ ላይ የሚቀነስልኝ ያ ወረቀት ሲኖር ነው።

ቅር የሚለኝም አለ። የምትልከው የኤክሴል ሰንጠረዥ በስልክ አይነበብም፤ ጽሑፉ ደቃቅ፣ አምዱ የትየለሌ። አንድ ገጽ ማጠቃለያ አድርጊልኝ ብያት እስካሁን አልሆነም። የቆየ የዱቤ ሂሳብ ላይም ትዘገያለች። ደንበኛው ሲከፍል የትኛውን ደረሰኝ እንደከፈለ የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ሁሌ አላስታውስም።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ስልክ ማንሳት ይከብዳታል። ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሁሉም ሱቅ አንድ ላይ ይፈልጋታል። የዓመት መዝጊያ ሥራውን ከወር ክፍያው ለይታ ነው የምታስከፍለው። እንደሷ ያለ ሰው ለመያዝ ያሰበ ዋጋውን በግንቦት ይነጋገር።