አዲሱ ቴርሞስታት፦ ብርዱንም ሙቀቱንም ካየሁበት በኋላ

ዕቃ በተገዛ ሳምንቱ የሚጻፍ አስተያየት ብዙም አያሳምነኝም። ስክሪኑ ያብረቀርቃል፣ አፑ ያምራል፣ ሁሉም ነገር ደስ ይላል። ቴርሞስታት፣ ማለትም የቤቱን ሙቀት እያየ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው የግድግዳ መቆጣጠሪያ፣ ግን የሚፈተነው ውጭው ሲከፋ ነው። እኔ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅትና አብዛኛውን የሙቀት ወቅት ስላሳለፍኩበት አሁን የምለው አለኝ። ወድጄዋለሁ። የወደድኩት ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ ለተጻፈው ነገር አይደለም።

የነቀልኩት አሮጌው ክብ ነበር፤ ሃኒዌል እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ ላይ ካዋለው ክብ ሞዴል ወገን። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ጥምጥምና ሜርኩሪ የያዘች ትንሽ ብልቃጥ አሉት። ሙቀት ሲለዋወጥ ጥምጥሙ ይጠባል ወይም ይላላል፣ ብልቃጧ ታዘነብላለች፣ ሜርኩሪው ተንሸራቶ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተበላሽቶም አይደለም የቀየርኩት፤ ሌሊት ራሱ ዝቅ፣ ጠዋት ራሱ ከፍ የሚል ስለፈለግኩ ነው። እንዲህ ያለው ቤታችሁ ካለ ስትነቅሉት ከተራ ቆሻሻ ጋር እንዳትጥሉት። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ነው የሚሰጠው።

ዋናው ጣጣ ሽቦው ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያ አንድም ሽቦ ሳይነካ ፎቶ ማንሳት። ቀለሙን አትመኑ፤ እያንዳንዱ ሽቦ የታሰረበትን ፊደል እዩ። አር (R) ኃይል ያመጣል፣ ደብሊው (W) ማሞቂያውን፣ ዋይ (Y) የማቀዝቀዣውን መጭመቂያ ሞተር ማለትም ኮምፕረሰሩን፣ ጂ (G) ፋኑን ያስነሳል። ሰው ሁሉ የሚቸገረው በሲ (C) ነው። አሮጌው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሆነ ለራሱ ኃይል አይፈልግም። አዲሱ ግን ስክሪንም ዋይፋይም አለው፤ ሁልጊዜ መብላት አለበት። ለዚያ የ24 ቮልቱ መመለሻ መስመር ያስፈልጋል፤ ሲ እሱ ነው። አንዳንዱ ሞዴል ያለ ሲ እሠራለሁ ብሎ በማሞቂያው መስመር በኩል ትንሽ ትንሽ ኃይል ይሰርቃል። ይህ አንዳንድ ቤት ያለችግር ይሄዳል፤ ሌላ ቤት ደግሞ ዋይፋዩ ይቆራረጣል፣ ባትሪው ይደክማል። እኔ ግድግዳው ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ትርፍ ሽቦ ስላገኘሁ በማሞቂያው ቦርድ ላይ ከሲ ጋር አሰርኩት። ትርፍ ሽቦ ከሌለ አስማሚ ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካ የ24 ቮልት ትራንስፎርመር ይገዛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስትከፍቱት ወፋፍራም ሽቦ ካያችሁ ያ ምናልባት 120 ወይም 240 ቮልት ነው፤ የ24 ቮልት ቴርሞስታት እዚያ አይገጠምም። ክደኑትና ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ብርዱ ሲጠና ክፍሉ ሞቆ ሳለ ስክሪኑ ቀዝቅዟል ይል ጀመር። ሌላ ቴርሞሜትር አጠገቡ ሳስቀምጥ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ነገሩ ሽቦው ከሚወጣበት ቀዳዳ ነበር፤ በግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ይነፍሳል። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈንኩት፣ ተስተካከለ። ከሁሉም ቅንብር በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ መመሪያው ግን በአንዲት መስመር አልፎታል። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳም ያው ነው፣ በሌላ አቅጣጫ ያሳስተዋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ደግሞ «ልማድዎን ይማራል» የሚለው ነበር። አጠፋሁት። እንግዳ መጥቶ አንድ ማታ ሙቀት ብጨምር ያንን ልማድ ብሎ ይይዘዋል። ሰው መኖሩን የሚያውቀው በእንቅስቃሴ ስለሆነ ደግሞ ሌላ ክፍል ቁጭ ብዬ ሳነብ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያቀዘቅዘኛል። አሁን በእጄ በሞላሁት የሰዓት ፕሮግራም ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ገንዘብ ይቆጥባል ወይ? የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት (ከ4 እስከ 6 ሴልሺየስ ገደማ) ቴርሞስታቱ ከተለመደው በብርድ ዝቅ፣ በሙቀት ከፍ ቢደረግ ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ከሚወጣው በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊተርፍ ይችላል ይላል። የእኔ ሂሳብ ቀንሷል፤ ግን የአንዱ ዓመት ብርድ ከሌላው ስለማይመሳሰል ሁሉንም ለቴርሞስታቱ አልሰጠውም። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ ወደ ቤት እየሳበ የሚያሞቅ መሣሪያ) ያላችሁ ግን ሌሊት በጣም ዝቅ አታድርጉ። ጠዋት ያንን ልዩነት ለመሙላት ረዳቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊነሳ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ኃይል በላተኛ ነው፣ የቆጠባችሁትን መልሶ ይወስደዋል።

በሙቀቱ ወቅት ሁለት ነገር ታዘብኩ። ኮምፕረሰሩ ከጠፋ በኋላ መልሶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይጠብቃል። ብልሽት አይደለም፣ ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሁለተኛው፣ ፋኑን ሁልጊዜ እንዲሠራ ከማድረግ «አውቶ» ላይ መተው ይሻላል። ኮምፕረሰሩ ቆሞ ፋኑ ሲነፍስ ማቀዝቀዣው ላይ የቀረውን እርጥበት ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል ግን ይረጥባል።

በነገራችን ላይ ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ 30 ዲግሪ ላይ የሚያደርስ ሰው ቤታችሁ ካለ (እኛ ቤት አለ) ሌላ ሰው እንዳይቀይረው የሚዘጋበትን ቁልፍ ቁጥር ተጠቀሙበት። አብዛኛው ማሞቂያ 22 ላይም 30 ላይም የሚሠራው በአንድ ፍጥነት ነው፤ የሚለየው መቼ እንደሚያቆም ብቻ ነው።

የማልወድለት? ሌሊት ሰው ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ቦግ ይላል። አፑ ደግሞ በታደሰ ቁጥር የለመድኩትን ቦታ ይቀይርብኛል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ፕሮግራሙ ከግድግዳው ላይ እንደተለመደው ይቀጥላል። ስትገዙ ይህንን ጠይቁ፤ ከስልክ መቆጣጠር የማያጓጓችሁ ከሆነ ደግሞ ሰዓት የሚሞላለት ተራው ዲጂታል ዋጋውም ይቀንሳል፣ እኔ አሁን የምጠቀምበትንም ሥራ ይሠራል።