ስምንት ወር ከማሸጊያ ማሽኔ ጋር

የተተከለ ዕለት አሥር የሽሮ ከረጢት በተርታ አጎረስነው። አንድ በአንድ ገብተው በወዲያኛው በኩል ጥርቅም ብለው ታሽገው ወጡ። እልል አልን። ከዚያ ዝም። የሚታሸግ አልቋል። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ «እትዬ፣ ማሽኑ እኮ ባዶውን ነው የሚዞረው» አለችኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ይቺ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሽሮና በርበሬ በግማሽ ኪሎ አሽጌ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ድሮ በእግር የሚረገጥ ማሸጊያ ነበረን። አንዱን ከረጢት አስተካክሎ፣ ረግጦ፣ እስኪይዝ ጠብቆ ለመልቀቅ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰዓት 180 መሆኑ ነው። ፊቱ ያልታሸገው ከረጢት ይከመር ስለነበር ማነቆው እሱ ነው ብዬ፣ ዕቁብ የወጣልኝ ሳምንት በቀጥታ ወደ ማሸጊያ ማሽን ሻጩ ሄድኩ።

«ከረጢቱን ይዞ በደቂቃ እስከ 12 ሜትር ይሄዳል» አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ እንዴ በሜትር የምታወራኝ? ማታ ቤቴ ሆኜ ደብተር ላይ ቆጠርኩት። ከረጢቴ 18 ሳንቲሜትር ነው፤ በመሃል ያለውን ክፍተት ጨምረን 25 እንበለው። ማሽኑ በ8 ሜትር እንኳ ቢሄድ በደቂቃ 32፣ በሰዓት 1,920 ከረጢት ያሽጋል። ሁለቱ የሚዛን ልጆች ግን አንዱን በ15 ሰከንድ ነው የሚመዝኑት፤ ተደምረው በሰዓት 480። ማሽኑን ለማጥገብ ስምንት ሰው ከነሚዛኑ ሊያስፈልገኝ ነው! ሻጩ ይህን ቢያውቅም አይነግረኝም፤ እሱ የሚዛን ሠራተኛ አይሸጥማ።

እሱም 480 ቢገኝ ጥሩ። በመጀመሪያው ወር 300ም አልሞላንም። ዱቄቱ የከረጢቱን ከንፈር ስለሚነካ ስፌቱ አይይዝም፤ ጫን ሲሉት ጭስ መስሎ ቡን ይላል። ሙቀቱን ብጨምር ላስቲኩ ተጨማደደ። ማሽኑን ልመልሰው ደረሰኙን ሁሉ አውጥቼ ነበር።

ያዳነችን ያቺው የሚዛኗ ልጅ ናት። የባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አናቱንና መቀመጫውን ቆርጣ፣ ቱቦውን ከረጢቱ አፍ ውስጥ ሰካችና በዚያ ሞላችው። ስታወጣው ከንፈሩ ንጹሕ ነው። ቀጠለችና ደግሞ ጊዜ የሚበላው መጨለፉ ሳይሆን «ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ቀንስ» የሚለው መሆኑን አሳየችኝ። የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥታ ጣሳውን ከላዩ እየቆረጠች፣ አፉ በቢላ ጀርባ ጠረግ ሲደረግ 490 ግራም ገደማ እንዲይዝ አደረገችው። የቀረችውን ሚዛን ላይ በማንኪያ መጨመር ብቻ ነው። ለበርበሬ ሌላ ጣሳ አለን፤ ክብደቱ ከሽሮ ይለያል። 15 ሰከንዱ 9 ሆነ። ሁለቱ አሁን በሰዓት 800 ያወጣሉ። ወጪዬ? ጣሳ!

ማሽኑን ደግሞ ከማፍጠን ይልቅ አዘገየሁት፤ በደቂቃ ወደ 4 ሜትር። ዝግ ሲል በትንሽ ሙቀት ያሽጋል፤ ስፌቱም እንደ ተተኮሰ ነጠላ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሻጩ ቢያይ ደም ሥሩ ይገተራል፤ የሸጠልኝ ፍጥነት ከግማሽ በላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

የማልምረው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ ሲዘጋ መጀመሪያ ሙቀቱ ይጠፋል፣ እስኪበርድ ድረስ ግን መዞሩን መቀጠል አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድስ? ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ የሚያሽገው ብረት እንደጋለ ነው፣ ከረጢቱን የሚጎትተው ቀጭኑ የቴፍሎን ቺንጋ እዚያው ተኝቶ ይጠበሳል። እስካሁን አምስት ቀይሬያለሁ። ስትገዙ መለዋወጫ ቺንጋ በነፃ ካልጨመሩላችሁ ከሱቁ አትውጡ። ሌላው ደህና ነው።

ተጸጽተሻል ወይ ለምትሉኝ፣ ያኔ አዎ፣ ዛሬ አይደለም። የእግሩን ማሸጊያ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፤ መልሰሽ ውሰጂው ብትለኝ እንኳ አልፈልገውም።

ባለፈው ሳምንት ክምሩ ቦታ ቀየረ። አሁን ካርቶን የሚሞላው ልጅ ፊት ነው። ሻጩ እንዴት እንደሰማ እንጃ፣ ደውሎ «እትዬ፣ ካርቶን የሚያሽግ ማሽን ገብቶልናል» አለኝ። መጀመሪያ ጣሳ ልፈልግ አልኩት።