ለጠላና ለጥብስ የሚሆን የጓሮ ጋዝ ምድጃ፦ አመራረጡና አተካከሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለፋሲካ፣ ለመስቀል ወይም ለሠርግ ጠላ ለመጥመቅና ለብዙ ሰው ወጥ ለመሥራት ስንነሣ ከሁሉ በፊት የሚያጥረን እሳት ነው። የወጥ ቤት የጋዝ ስቶቭ አንዱ ማንደጃ በሰዓት ከ12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ብዙም የማይበልጥ ሙቀት የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በድስቱ ዙሪያ ወደ አየር ስለሚያመልጥ፣ 20 ሊትር ውኃ ጥዶ እስኪፈላ መጠበቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይኸው ውኃ በፕሮፔን በሚሠራና በሰዓት 60,000 ቢቲዩ በሚሰጥ የጓሮ ምድጃ ላይ ሲጣድ ከ20 ደቂቃ ብዙም ባልራቀ ጊዜ ይፈላል። ስለዚህ ለማኅበርና ለድግስ ለሚደክም ቤተሰብ ከቤት ውጭ የሚተከል ትልቅ ምድጃ ቅንጦት አይደለም። ሆኖም በገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ለእኛ ሥራ እኩል ስለማይስማሙ፣ በጓሮዬ የምገለገልበትን ባዩ ክላሲክ ኬኤቢ4 የተባለ ምድጃ መነሻ አድርጌ አመራረጡንና አተካከሉን እገመግማለሁ።

ሻጮች በካርቶኑ ላይ በትልልቁ የሚጽፉት ከፍተኛውን የቢቲዩ ቁጥር ነው። እኔ ግን ገዢው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ምድጃው ምን ያህል ዝቅ ብሎ ሳይጠፋ ሊነድ እንደሚችል ነው እላለሁ። በቤቱ ቢራ ለሚጠምቅ አሜሪካዊ ብርቱ እሳት ብቻውን ይበቃው ይሆናል፤ የብቅሉን ጭማቂ አንድ ሰዓት ያህል እያንተከተከ ማፍላት ዋናው ሥራው ነውና። የእኛ ሙያ ግን ሁለቱንም ጫፍ ይፈልጋል። የጠላውን ውኃ ማፍላት፣ የጌሾውን እንጨት መቀቀልና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ውኃ ማሞቅ ኃይለኛ እሳት ይወዳሉ። እንኩሮ ግን በውኃ የተለወሰው ዱቄት በምጣዱ ላይ እየተገላበጠ እኩል እንዲበስል እንጂ እንዲያር ስለማይፈለግ መካከለኛና ሳያቋርጥ የሚነድ እሳት ይጠይቃል፤ ያረረ እንኩሮ የገባበት ጠላ ምሬቱ የጌሾ ምሬት አይሆንም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ከዚህም ይብሳል። አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ሽንኩርት ለሰዓታት በዝግታ መቁላላት ስላለበት፣ ዝቅ ማለት የማይችል ምድጃ የያዘች እናት ወይ ሽንኩርቱን ታሳርራለች፣ ወይ ክንዷ እስኪዝል ያለ ዕረፍት ስታማስል ትውላለች።

በብዛት የሚሸጡት ምድጃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ጋዙን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወደ ላይ እየገፋ አንድ ወፍራም የነበልባል ዓምድ የሚሠራው ሲሆን፣ ለአሜሪካውያኑ በዓል ተርኪ በዘይት ለመጥበሻ በሰፊው ይሸጣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ድምፁ ግን አጠገቡ ቆሞ ለመነጋገር የሚያስቸግር ነው። እሳቱ በድስቱ መካከል ላይ ብቻ ስለሚያርፍ፣ ውኃ ለማፍላት ምንም ባይወጣለትም፣ ወፍራም ነገር ሲጣድበት መካከሉ እያረረ ዳሩ ሳይበስል ይቀራል። ሁለተኛው ባንጆ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክብና ጠፍጣፋ በሆነው ከባድ የካስት አይረን አካሉ ላይ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ነበልባሉ ተበትኖ የድስቱን ቂጥ በስፋት ይይዛል። ለወጥም ሆነ ለምጣድ ሥራ ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ኬኤቢ4 ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። የእሳቱ አካል ስፋት 10 ኢንች ስለሆነ ለ40 ሊትር ድስትም ሆነ ለሰፊ የብረት ምጣድ በቂ ነው። ማቆሚያው የተበየደ ብረት ሲሆን፣ ውኃ የተሞላ 40 ሊትር ድስት ከራሱ ክብደት ጋር 50 ኪሎ ሊጠጋ እንደሚችል ለሚያስብ ሰው ከምንም በላይ የሚያረካው ይህ ጥንካሬው ነው። ከዚህ ቀደም ከሌላ አምራች በገዛሁት ቀጭን እግር ባለው ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት በጣድኩ ቁጥር ሲወዛወዝ እያየሁ እሰጋ ነበር፤ በዚህኛው ላይ ያ ስጋት የለብኝም። ማቆሚያው አጭር መሆኑን አንዳንዶች እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ቆመው ለሚሠሩ ኬኤቢ6 የተባለው ረጅሙ አቻው ይሻላቸዋል። እኔ ግን አጭሩን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለማማሰል ይመቻል፣ የሚያቃጥል ድስትም ወደ መሬት ለማውረድ ብዙ ከፍታ የለውም። ዝናብ ካገኘው ብረቱ ቶሎ ስለሚዝግ መሸፈኛ ግድ ይለዋል። ዝገት የማይፈልግና ዋጋው የማይከብደው ከማይዝግ ብረት የተሠራውን የብሊክማን ሄልፋየር ሊመለከት ይችላል፤ ለዓመት ሁለት ሦስት ድግስ ግን ያን ያህል ወጪ አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም።

የምድጃው ደካማ ጎን ያለው በእሳቱ አካል ላይ ሳይሆን ግፊቱን በሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ላይ ነው። አብሮት የሚመጣው በ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ እሳቱ የሚጨመረውና የሚቀነሰው ጋዙ በሚያልፍበት ጎማ ላይ ባለችው የነሐስ ቫልቭ ብቻ ነው። ለውኃ ይህ ምንም አይጎዳም። ለቁሌት ሲሆን ግን ቫልቭዋን በጣት ጫፍ ጥቂት ነካ ማድረግ ከሚገባው በላይ ለውጥ ያመጣል። መፍትሔው ግፊቱ ራሱ ከዜሮ ጀምሮ የሚስተካከልበት ባለ እጀታ ሬጉሌተር መግዛት ሲሆን፣ ከፍተኛ ግፊቱ ምድጃው ከተሠራበት ከ30 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኔ እስከ 20 የሚደርሰውን ገጥሜ ከዚያ በላይ አስፈልጎኝ አያውቅም። የተለመደው የባርቤኪው ግሪል ሬጉሌተር ግን በምንም መንገድ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ እርሱ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ ስለማይሞላ ነበልባሉ ሰንፎ ቢጫ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተርን በተራ ግሪል ላይ መግጠም እሳት ማስነሣት ነው።

ምድጃው የሚተከለው ደረቅና ደልዳላ በሆነ ሲሚንቶ ወይም መሬት ላይ፣ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ ሲሆን፣ በእንጨት በረንዳ ላይ፣ በጣሪያ ሥር ወይም በሩ በተከፈተ ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ይህን አጥብቄ የምለው በክረምት ቅዝቃዜ ድግስ ሲደርስ «በሩ ክፍት ነው እኮ» እያሉ ጋራዥ ውስጥ የሚያነዱ ወገኖች ስላሉ ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፕሮፔን ራሱም ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፣ ወለል ላይ ተኝቶ የእሳት ፍንጣሪ ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ፣ ጎማው የፈቀደውን ያህል ከእሳቱ ርቆ ይቆማል። ነፋስ ካለ በነፋሱ በኩል ብቻ ቆርቆሮ ማቆም ይቻላል፤ ምድጃውን ዙሪያውን መክደን ግን አየር ይከለክለዋል፣ ሙቀቱንም ወደ ጎማው ይመልሳል።

ሲገጠም በመጀመሪያ የምድጃው ቫልቭ መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ በእጅ የሚጠብቀው ማያያዣ በሲሊንደሩ ላይ ከተገጠመ በኋላ የሲሊንደሩ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ቀስ ማለት እዚህ ላይ ልማድ ብቻ አይደለም። በማያያዣው ውስጥ ጎማ ቢበጠስ ፍሰቱን የሚያፍን የደኅንነት መዝጊያ ስላለ፣ ቫልቩ በድንገት ሲከፈት ወይም የምድጃው ቫልቭ ሳይዘጋ ሲቀር ይህ መዝጊያ አደጋ የደረሰ መስሎት ጋዙን ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው አዲስ ምድጃ «አይነድም» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉንም ዘግቶ፣ ማያያዣውን ነቅሎ ጥቂት ከቆዩ በኋላ እንደገና ገጥሞ በዝግታ መክፈት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጦ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ መቀባትና አረፋ የሚነፋ ቦታ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ አንድም አረፋ ከታየ ተዘግቶ ሳይስተካከል ክብሪት አይጫርም።

በመጀመሪያው ቀን ቀለሙ ስለሚቃጠልና ስለሚሸት ምንም ሳይጣድበት ጥቂት ቢነድ ጥሩ ነው። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ከቀባ አየር አንሶታል ማለት ስለሆነ፣ ጋዙ ወደ ምድጃው በሚገባበት አንገት ላይ ያለችውን የአየር መዝጊያ ጥቂት መክፈት ነው፤ ነበልባሉ ከቀዳዳዎቹ ተነሥቶ እየተንሳፈፈ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ አየሩ በዝቷልና መቀነስ ይገባል። ከድስቱ ዳር አልፎ ወደ ላይ የሚወጣ እሳት ጆሮውን ከማቃጠል ውጭ ጥቅም የለውም።

ጥብስን በተመለከተ ሥጋውን በፍርግርግ አድርጎ በቀጥታ በባንጆው እሳት ላይ መጥበስን አልመክርም፤ የሚንጠባጠበው ስብ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ እሳትም ያስነሣል። የጭስ ጣዕም የፈለገ ከሰል ያንድድ። ወፍራም የብረት ምጣድ በዚህ ምድጃ ላይ በደንብ ግሎ ሥጋው ሲጣልበት ግን ውኃው ሳይወጣ ወዲያው ስለሚጨስ፣ በቤት ስቶቭ ላይ የማይገኝ ጥብስ ይገኛል። ሸክላ ግን እንዲህ ያለውን እሳት አይችልም፤ ይሰነጠቃል።

ስለ ጋዙ ጥቂት ልበል። የተለመደው ሲሊንደር ሲሞላ 20 ፓውንድ ፕሮፔን ይይዛል፤ በሰዓት 60,000 ቢቲዩ ለሚያነድ ሰው ሰባት ሰዓት ያህል ያገለግለዋል። በየነዳጅ ማደያውና በየሱፐርማርኬቱ ባዶውን ተቀብለው በሙሉ የሚለውጡት ግን ብዙ ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ ስለሚሞሉ፣ በሚዛን ከሚሞሉ ቦታዎች ማስሞላት ይረክሳል። በብርቱ እሳት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ሲሊንደሩ ከውጭ አመዳይ ይይዛል፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚስብ ነው። ያን ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይደክማል፤ ሁለት ሲሊንደር አዘጋጅቶ ማቀያየር እንጂ ማንኛውንም እሳት ወደ ሲሊንደሩ ማስጠጋት አደገኛ ነው።

በሕግ በኩል እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ለሽያጭ ያልሆነ የቤት ቢራ አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት እስከ 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ እንዲጠመቅ ፈቅዷል። አረቄ ማውጣት ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም፤ የአልኮል ተን ከግልጽ እሳት አጠገብ የሚያደርሰው አደጋም ከሕጉ ጋር የሚታሰብ ነው።

ጓሮ ለሌላቸውና በአፓርታማ ለሚኖሩ ይህ ምድጃ አይሆንም፤ በብዙ ካውንቲዎች የእሳት ደንብ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በረንዳ ላይ ጋዝ ማንደድን ይከለክላል። ለእነርሱ በ120 ቮልት የሚሠራ 1,800 ዋት ኢንዳክሽን ምድጃ ይሻላቸዋል፤ 20 ሊትሩን በአንድ ጊዜ ለማፍላት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ውኃውን ከሁለት ከፍሎ መጣድ ይመረጣል። ለእንኩሮው ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚጋግሩበት ባለ 16 ኢንቹ የቤታኒ ሄሪቴጅ ግሪል የተባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀቱ በቁጥር ስለሚስተካከል ከማንኛውም የጋዝ እሳት ይልቅ ለመቆጣጠር ይቀላል።