በሐዋሳ የሚሰጠው የቅዳሜ የደቀ መዝሙርነት ሥልጠና፦ የሚሰጠውና የሚጎድለው

በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን የአሥር ሳምንት የደቀ መዛሙርት ማፍራትና የቤተ ክርስቲያን ተከላ ሥልጠና ባለፈው ዙር ተከታትዬ ጨርሻለሁ። በከተማችን ተመሳሳይ ሥልጠና የሚሰጡ አገልግሎቶች ከአንድ በላይ ናቸው። ስለዚህ የአዘጋጆቹን ስም ከመጥራት ይልቅ፣ አንባቢ የትኛውንም ቢመርጥ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ፣ ያየሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ።

በአጥቢያዬ የማገለግለው በአዲስ አማኞች ክትትል ክፍል ነው። በእሑድ ጉባኤ እጃቸውን አንሥተው ጌታን የተቀበሉ ሰዎች ስምና ስልክ በመዝገባችን ይሰፍራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹን አናገኛቸውም። ቤት ይቀይራሉ፣ የሥራ ሰዓታቸው ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በጉባኤው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አላገኙም። ወደ ሥልጠናው የሄድሁት ለዚህ ችግር መልስ ፍለጋ ስለነበር፣ የምመዝነውም በዚሁ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ሠልጣኞች አምስት ወይም ስድስት እየሆኑ በክብ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ስለ ምን እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግኑ፣ ምን እንዳስጨነቃቸው፣ ባለፈው ሳምንትም «አደርገዋለሁ» ብለው የወሰኑትን ማድረግ አለማድረጋቸውን ይነጋገራሉ። ቀጥሎ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ መጽሐፉ ይከደንና አንድ ሰው የሰማውን በራሱ ቃል ይተርካል፤ ሌሎቹ የዘለለውን ይሞሉለታል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው ምን እንደሚያስተምር፣ እያንዳንዱ በሳምንቱ ምን እንደሚታዘዝና የሰማውን ለማን እንደሚናገር ይጠየቃል። በመጨረሻም ልምምድና ጸሎት ይደረጋል። ንባቡ ከዘፍጥረት 1 ተነሥቶ በአብርሃም ጥሪ፣ በፋሲካው በግና በኢሳይያስ 53 በኩል ወደ ወንጌላት ይደርሳል። አሠልጣኙ አይሰብክም፤ ሰዎች ወደ እርሱ ዞረው ማብራሪያ ሲጠይቁትም «ክፍሉ ምን ይላል?» ብሎ ወደ ቃሉ ይመልሳቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ለብዙዎቻችን የማይመች ነበር፤ ከመድረክ መስማት የለመድን ሰዎች ነን።

የሥልጠናው ትልቁ ጥቅም ይህ መልሶ የመተረክ ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች ወረዳዎች የሚመጡ በርካታ ወጣት ሴቶች በከተማው ዳርቻ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። በሺፍት ስለሚሠሩ የረቡዕ ጸሎትም ሆነ የእሑድ ትምህርት አይመቻቸውም። ከእነዚህ መካከል በጎረቤቴ ግቢ የሚኖሩትን በቡና ሰዓት ሰብስቤ በተማርሁት መንገድ ማንበብ ስንጀምር፣ አንዲቱ «እትዬ፣ ማንበቡ ይከብደኛል፤ እርስዎ ያንብቡልኝና እኔ በቃሌ ልንገራችሁ» አለችኝ። የተነበበው የዘፍጥረት 22 ታሪክ ነበር። ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ ስለ በጉ አባቱን የጠየቀበትን ቦታ ሳትዘል፣ የእኛን ድምፅ ሳትጠብቅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችው። በእኛ የተለመደ የጥናት መንገድ ብንሄድ ኖሮ ይህች ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ዝም ትል ነበር። ያደገችው ታሪክ በጆሮ በሚወረስበት ቤት ስለሆነ፣ የቃሉ አገልጋይ እንድትሆን መጀመሪያ ማኑዋል ማንበብ አያስፈልጋትም።

ነገሩ ከአመቺነት ያለፈ ነው። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት የገበያ ዕድል፣ ስትታገድ በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል፤ ሥራቸውን ያጡ ወጣቶችም ወደየቀያቸው ተመልሰዋል። እምነታቸው ከአንድ አዳራሽና ከአንድ ሰባኪ ጋር ብቻ የታሰረ ከሆነ፣ የተመለሱ ዕለት ክትትላችን ያበቃል። መጽሐፍ ቅዱስን ከፍታ አራት ጎረቤት ይዛ መጠየቅ፣ ማስታወስና መጸለይ የምትችል ልጅ ግን የሄደችበት ሁሉ አገልግሎቷ አብሯት ይሄዳል። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ከኢየሩሳሌም የተበተኑት ምእመናን በየደረሱበት ቃሉን የሰበኩት በዚህ ዓይነት ነው፤ ሐዋርያቱ ያን ጊዜ ከከተማው አልወጡም ነበር።

የመታዘዝ ጥያቄውም በሥራ ቦታ ፍሬ ሲያፈራ አይቻለሁ። የዘኬዎስን ታሪክ ባነበብንበት ሳምንት በክባችን የነበረች እህል ነጋዴ ሚዛኗን አስፈትሻ ለማስተካከል ወሰነች፤ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ደግሞ በምሽት ዝናብ ሲጥል የሚጨምረውን ሂሳብ ለመተው ወሰነ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለቱም ተጠየቁ። አሽከርካሪው ግማሹን ሳምንት እንደ ፈጸመና ግማሹን እንዳልቻለ ሲናገር ማንም አልገሠጸውም፤ ጸለዩለትና ውሳኔውን አደሰ። ጌታ በማቴዎስ 28 ላይ ያዘዘው ያዘዛቸውን ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማሩ ደቀ መዛሙርት ማድረግን እንጂ እንዲያውቁ ማድረግን ብቻ አይደለም። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነበር ያገለገለው፤ ከባልና ሚስቱ ጋር አብሮ መሥራቱ አብሮ ማመንን አጠነከረ፣ ኋላም ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰብበት ሆነ። ይህን ትምህርት ሥልጠናው በሚገባ ያስተምራል።

በሉቃስ 10 ላይ ስለ ሰላም ልጅ የተነገረውን የሚያስተምረው ሳምንትም ጠቃሚ ነው፤ በአዲስ ሰፈር አገልግሎት ሲጀመር ከአዳራሽ ኪራይ በፊት ቤቱን የሚከፍትና ጎረቤቶቹን የሚጠራ ሰው እንዲፈለግ ይመክራል። በእድር፣ በእቁብና በቡና ለሚተሳሰር ሕዝብ ይህ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። በማኑዋሉ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። በአፓርታማ ስለሚኖሩ የማይተዋወቁ ጎረቤቶችና በካፌ ስለሚደረግ የሥራ እረፍት ይተርካል፤ ስለ ቡና ጠሪ፣ ስለ ለቅሶ ቤትና ስለ እድር ድንኳን አንድም ገጽ የለውም። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የራሳችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለመነሣቱ ነው። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ደርሰው፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. አካባቢውን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። በዚያ መካከል የነበሩት መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያንም ወደ አጎራባች ሕዝቦች ተሻግረዋል። ከሐዋሳ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ሠልጣኝ ሁሉ የሩቅ አገር ምሳሌ ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ አይገባውም።

ከዚያም ቅርብ የሆነ አለ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘግታ፣ ንብረቷ ተወርሶና መሪዎቿ ታስረው ሳለ ምእመናኗ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቃሉን አጥንተዋል፤ ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከተዘጉበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ሐዋሳ ራሷም በ1950ዎቹ በስዊድን ፊላዴልፊያ ሚሲዮን የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥባት የነበረች ከተማ ናት። በየክቡ ውስጥ እነዚያን ዓመታት በቤት ጸሎት ያሳለፈ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ተጋብዘው ቢናገሩ፣ ማኑዋሉ በአሥር ገጽ የሚያስረዳውን በአንድ ሰዓት ያስረዳሉ።

ሌላው ጉድለት የሪፖርት ቅጹ ነው። ሠልጣኝ ስንት ቡድን እንደ ጀመረ፣ ከዚያ ቡድን ስንት ሌላ ቡድን እንደ ተወለደ፣ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ መድረስ አለመድረሱን በየወሩ ይሞላል። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 ላይ የሰማውን ለታመኑ ሰዎች፣ እነርሱም ለሌሎች እንዲያስተላልፉ ማዘዙን አዘጋጆቹ መሠረት ያደርጋሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጢሞቴዎስ የታመኑ ሰዎችን እንዲመርጥ ነው የታዘዘው፤ መታመን ደግሞ በወር ቅጽ አይለካም። ባለፈው ዙር ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ የተገናኙ ቡድኖች «ቤተ ክርስቲያን» ተብለው ሲመዘገቡ ተመልክቻለሁ፤ ያስመዘገቡት ወገኖች ክፋት አስበው አይደለም፣ ቅጹ የሚጠይቀው ያንን ስለሆነ ነው። አንድ ስብስብ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ቃሉን፣ ጥምቀትን፣ የጌታን እራት፣ ጸሎትን፣ መስጠትንና ሽማግሌዎችን ሲይዝ እንደ ሆነ የሚያስተምረው ክፍል በአሥሩ ሳምንት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ብቻ ተመድቦለታል። ቢያንስ ሦስት ያስፈልገዋል። ጥምቀትን በተመለከተም ሥልጠናው ያመነ ሰው ሳይዘገይ እንዲጠመቅ ያበረታታል፤ አጥቢያዎቻችን ደግሞ የወራት የጥምቀት ትምህርት ያስተምራሉ። ሠልጣኙ በሁለቱ መካከል ሲቸገር ከመጋቢዎቹ ጋር እንዲነጋገር የሚመራው አካል የለም።

የቤተ ክርስቲያን ተከላው ክፍል በሐዋሳ ላይ ሲተገበር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተማው ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ ሦስትና አራት ጸሎት ቤቶች የሚታዩባቸው ሰፈሮች አሉ። በእነዚህ መካከል ሌላ የኪራይ ቤት ይዞ ሞንታርቦ መትከልና የጎረቤት አጥቢያ አባላትን መሰብሰብ ተከላ ሊባል አይገባውም፤ ጳውሎስ በሮሜ 15፥20 ላይ በሌላ ሰው መሠረት ላይ ላለመሥራት መጠንቀቁን ተናግሯል። ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ያለንን አክብሮትም ሥልጠናው ሊያስተምረን ይገባል። በቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ዕለት ከቤቱ ወጥቶ ለክርስቶስ የሚዘምረውን ሰው ስለ ኢየሱስ ሰምቶ እንደማያውቅ አድርጎ ማናገር ወንጌሉን አያከብርም፤ አብሮ ቃሉን ለማንበብ መጋበዝ ግን በር ይከፍታል። ይህን ያስተዋለ አንድ አሠልጣኝ ነበር፤ በማኑዋሉ ግን አልተጻፈም።

ስለ አገልግሎቱ አቀባበል የምለው አጭር ነው። ምዝገባው 500 ብር ሲሆን ማኑዋሉንና ሻይ በዳቦን ይጨምራል፤ ለሚሰጠው ነገር ተገቢ ነው። ሰዓት ይከበራል። አዳራሹ ሰፊ ቢሆንም ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ድምፅ የተነሣ የኋለኞቹ ክቦች መሰማማት ይቸግራቸዋል። የልጆች ማቆያ የለም፤ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ሲቀሩ አይቻለሁ፤ በየሰፈሩ ቡድን የሚጀምሩት ግን በአብዛኛው እነዚሁ እናቶች ናቸው። ይህ በቶሎ ሊስተካከል የሚችል ነው።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ በክትትል፣ በሴት እህቶች አገልግሎትና በቤት ለቤት ኅብረት ለምታገለግሉ ሥልጠናው ጊዜያችሁን የሚገባ ነው፤ ከአጥቢያችሁ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ በሳምንቱ መካከል ውሳኔያችሁን የሚጠይቅ ሰው ይኖራችኋልና። በቅርቡ ያመናችሁ ግን መጀመሪያ በአጥቢያችሁ የጥምቀት ትምህርታችሁን ጨርሱ። የመጋቢነት ጥሪ አለብኝ ብላችሁ የምታስቡ ደግሞ ይህን ሥልጠና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ምትክ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከመመዝገባችሁ በፊት ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚጎበኛችሁ አዘጋጆቹን ጠይቁ። እኛን አንድ ወንድም በየአሥራ አምስት ቀኑ በስልክ፣ አልፎ አልፎም በአካል እየመጣ ይከታተለን ነበር፤ ከክባችን ሥራ የጀመሩት ሁሉ እርሱ ያልተዋቸው ናቸው።

ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። ማኑዋሉ በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ወደ ሐዌላ ቱላና ከዚያ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ቡድን የጀመሩ ሠልጣኞች ጥያቄዎቹን በእጃቸው ወደ ሲዳምኛ እየገለበጡ ነው የሚያገለግሉት። ጥያቄዎቹ በአንድ ገጽ የሚያልቁ ናቸው። ከሚቀጥለው ዙር በፊት በሲዳምኛ ታትመው ቢወጡ የሕትመቱን ወጪ ከአጥቢያችን የክትትል ክፍል ጋር ተካፍለን ለመሸፈን ዝግጁ ነን።