የቨርጂኒያ አጋዘን፦ በቀስት ወይስ በጠመንጃ?

ካዛንቺስ ካፌ ስንገናኝ፣ ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ሲሄዱ አደን መውጣት የሚፈልጉ ወዳጆች አሉኝ። ምርጫው በቀስትና በጠመንጃ ወቅት መካከል ነው።

ቀስቱ ይቀድማል። በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእኛ መስከረም ማብቂያ ላይ ይከፈታል። ጠመንጃው ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ፣ ሥጋውን ለመብላት የጓጓ ጿሚ ቢያስብበት ደግ ነው።

ፈቃዱ ላይ ግን ረጋ እንበል። የአደን ፈቃድ ለሁለቱም ግድ ነው። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃ እንዳይዝ ደግሞ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ይከለክላል። እዚያው አገር የተሰጠ የአደን ፈቃድ ከያዘ ግን ይፈቀድለታል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይወጣ የአጎት ልጅን መሣሪያ "እስቲ ልየው" ብሎ ማንሳት የለም! ቀስት በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

መሣሪያውም ልክ አለው። የፍላጻው ስለት ቢያንስ 2.2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ቀስቱም ፍላጻውን ቢያንስ 114 ሜትር ያህል መወርወር መቻል አለበት። ራይፍል፣ ማለትም በአንድ ተኩስ አንድ ጥይት የሚወጣው ጠመንጃ፣ ከ0.23 ካሊበር (የአፈሙዙ ስፋት በኢንች) አያንስም፤ 0.22 ለአጋዘን አይሆንም። ራይፍል ከልክለው ሾትገን (በአብዛኛው ብዙ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጭ ጠመንጃ) የሚፈቅዱ ካውንቲዎችም፣ ማለትም የግዛቱ ወረዳዎች፣ አሉ። በጠመንጃው ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ኮፍያ፣ አለዚያም የላይ ልብስ ግዴታ ነው።

ለጀማሪ ቀስትን አልመክርም። በደንብ ያልተመታ አጋዘን ቆስሎ ጫካ ገብቶ ይሰቃያል። ፈቃዱንና የደህንነት ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ከለመደ አዳኝ ጋር በኅዳሩ ወቅት መውጣት ይሻላል።