ለሳይክል የሚገጠም ስፖኪዮ፦ ኮምባይነር በሚመላለስበት መንገድ ይጠቅማል ወይ?

ከአሰላ በሳጉሬ አድርጎ በቆጂ የሚወስደውን መንገድ በሳይክል የምትሄዱ ሰዎች ኅዳር ሲገባ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ስንዴው ይደርሳል፣ ኮምባይነሩም ይወጣል። ቆላው ቀድሞ ስለሚደርስ ባለማሽኖቹ ከታች ይጀምሩና አዝመራውን እየተከተሉ ወደ ደጋው ይወጣሉ። የሚከፈላቸው ባጨዱት ኩንታል ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ሁሉ ለእነሱ ኪሳራ ስለሆነ ይቸኩላሉ። መንገዱ ደግሞ ያው አንድ ነው፤ አይሱዙውም፣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ከብቱም፣ እኛም የምንሄደው በዚያው ነው።

እኔ የገጠምኩት መሪው ጫፍ ላይ የሚሰካውን ክብ ስፖኪዮ ነው። ስም የሌለው የቻይና ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ያንሳል። አገጣጠሙ ቀላል ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ነቅላችሁ ትሰኩትና ብሎኑን ታጠብቃላችሁ። በግራ በኩል ይሁን፤ በቀኝ ስለምንነዳ የሚቀድመን ሁሉ በግራችን ነው የሚያልፈው።

ጆሮ አለን አይደል የሚል አይጠፋም። ደጋው ላይ ግን ንፋስ አለ። ፊት ለፊት ሲነፍስባችሁ ኮምባይነርን የሚያህል ነገር እንኳ ከኋላ ሲመጣ የሚሰማችሁ አጠገባችሁ ከደረሰ በኋላ ነው። ዞር ብሎ ማየትም ይቻላል፣ ግን አንገት ሲዞር መሪውም አብሮ ይዞራል፣ ያውም ወደ አስፋልቱ መሃል።

ዕቃው ጎበዝ የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ኮምባይነር አስፋልት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድና እናንተ በ15 ብትሄዱ፣ 200 ሜትር ላይ ካያችሁት እስኪደርስባችሁ ከአንድ ደቂቃ በላይ አላችሁ። ደህና ቦታ መርጦ ከአስፋልቱ ለመውረድ ይበቃል። በ80 የሚበር አይሱዙ ግን ከዚያው ርቀት ተነስቶ በ11 ሰከንድ ይደርስባችኋል። በዚያ ላይ መስታወቱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ያሳያል እንጂ ነገሩን ከእውነቱ ያርቀዋል። ለፈጣን መኪና አትመኑት። ለዝግተኛ ማሽን ግን ልክ ነው።

የግድ መውረድ አለብን ወይ? ብትወርዱ ይሻላል። የአስፋልቱ አንድ መስመር 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የኮምባይነሩ ገላ ብቻውን 3 ሜትር ያህል ይይዛል፤ የፊት ማጨጃው ካልተፈታ ደግሞ 4 እና 5 ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ጨዋው ሹፌር ማጨጃውን ፈቶ በተጎታች ይጎትተዋል። «ቅርብ ነው» ብሎ እንደገጠመ አስፋልት የሚወጣም ሞልቷል፣ እሱ ደግሞ ቦታ ልስጣችሁ ቢል እንኳ የሚሰጣችሁ የለውም። የማን ቅድሚያ ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት።

ስፖኪዮው የማያድናችሁ ኮምባይነሩ ከፊታችሁ ሲሆን ነው። ቁልቁለት ላይ እናንተ ናችሁ የምትደርሱበት። ኮምባይነር የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ ወደ ግራ ማሳ ሲገባ ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል፣ በቀኙ ሾልኬ ልለፍ ያለውን ሳይክለኛ እዚያው ነው የሚያገኘው። የእህል ማጠራቀሚያው ከሹፌሩ ጀርባ ስለሆነ ቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም። የእሱ ስፖኪዮ ውስጥ ፊቱ ካልታያችሁ እናንተም አትታዩትም። ስለዚህ ርቀት ጠብቃችሁ ተከተሉ፣ ገብቶ እስኪያልቅ ቁሙ።

ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። ፒስታ ላይ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አይለይም። ብሎኑ እየላላ ስለሚዞር ካቻቢቴ ከኪስ አይለይ። በአጨዳ ሰሞን የገለባ ብናኝ ስለሚሸፍነው እየቆሙ መጥረግ አለ። ትልቁ ችግር ግን ምሽት ላይ ነው። አንዱ መብራቱ የጠፋ ትራክተር ስፖኪዮው ውስጥ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ሞተር ነው ብላችሁ ጠርዝ ጠርዙን ስትቀጥሉ ጆንያ የቆለለ ተጎታች በጎናችሁ ይመጣል፣ ተጎታቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራት የሚባል ነገር የለም። ሲመሽ ነጠላ መብራት ካያችሁ ትልቁን ገምቱና ውረዱ። የኋላ ቀይ መብራትም ጨምሩበት፣ ስፖኪዮ እናንተን ለሌላው አያሳይም።

በጠቅላላው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለብሎኑ ነው።

ስትገዙ መስታወቱን በጥፍር መታ መታ አድርጉት፤ ፕላስቲኩ ቶሎ ይቧጨራል፣ ብርጭቆው ይሻላል። ከተሰበረ ግን መስታወቱ ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን ነው የምትገዙት። ሳይክላችሁ እንደ ፎኒክስ መሪው ወደ ኋላ የታጠፈ ከሆነ ይሄኛው አይሆናችሁም፣ እጃችሁና ጉልበታችሁ ይጋርደዋል። ለዚያ መሪው ላይ የሚታሰር፣ ዘንግ ያለው አለ፣ እሱን ጠይቁ።