ለአንደኛ ደረጃ ላይብረሪ የትኛው ይሻላል? የዲጂታል ንባብ መሣሪያዎች ንጽጽር

ብዙ ትምህርት ቤት ዲጂታል ላይብረሪ ሲያስብ ቀድሞ የሚገዛው ታብሌት ነው። ልጆቹ ምን እንደሚያነቡበት የሚታሰበው ዕቃው ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ላይብረሪውን በምትይዘው መምህርት ላይ ይወድቃል። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት በመጀመሪያ ለእሷ ነው። ግዢው ላይ ለሚፈርሙት ርዕሰ መምህርና ለወላጅ ኮሚቴም ይጠቅማል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የአማርኛ ዲጂታል ተረት በገንዘብ መግዛት አያስፈልግም። ጥሩ ጥሩዎቹ በነጻ ይገኛሉ። ገንዘቡ መዋል ያለበት መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ንባቡ እንዳይቆም በሚያደርጉ ነገሮች ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ዓይን ነው።

ለተረት፦ አፍሪካን ስቶሪቡክ ወይስ ስቶሪዊቨር?

ሁለቱም ነጻ የልጆች መጻሕፍት ድረ ገጾች ናቸው። ሁለቱም የአማርኛ መጻሕፍት አሏቸው። ሁለቱም መጽሐፉን አውርዳችሁ፣ አትማችሁ፣ አባዝታችሁ እንድትሰጡ ይፈቅዳሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ልጁ እጅ ላይ ሲደርሱ ነው።

አፍሪካን ስቶሪቡክን እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ሳይዴ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ነው። ታሪኮቹ ከአህጉራችን የወጡ ናቸው። ፍየል አለ፣ ጓሮ አለ፣ ውሃ የምትቀዳ ልጅ አለች፣ አያት አለች። የገጠሩም የከተማውም ልጅ ሥዕሉን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። መጻሕፍቱ በ5 ደረጃ ተከፍለዋል፦ የመጀመሪያ ቃላት፣ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች፣ የመጀመሪያ አንቀጾች፣ ረዘም ያሉ አንቀጾች፣ በመጨረሻም ጮክ ተብሎ የሚነበብ። አምስተኛውን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ። ልጁ ብቻውን የማይዘልቀውን፣ መምህሩ ሲያነብለት ግን ጆሮውን የሚሰጠውን መጽሐፍ ለይቶ ያስቀምጣል። በየክፍሉ ብዙ ልጅ ለሚያስተናግድ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስቶሪዊቨር የሕንዱ አሳታሚ የፕራታም ቡክስ ሥራ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን 4 የንባብ ደረጃ አለው። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ በዚህ በኩል አፍሪካን ስቶሪቡክ አይደርስበትም። ከተረት ሌላ ስለ ሳይንስ፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሒሳብ የሚያወሩ መጻሕፍትም አሉት። ልጅን በሥዕል መሳብ ለሚፈልግ ላይብረሪ ሀብት ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ታሪኮች ሕንድ ውስጥ የሚሆኑ ናቸው። ሳሪ የለበሱ እናቶች፣ ሪክሾ፣ የሕንድ በዓላት ይበዙባቸዋል። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ይሄ ጥቅም ነው፤ ሌላ ሀገር ያይበታል። ፊደል ገና እየቆጠረ ላለ ልጅ ግን ቃሉም ሥዕሉም እንግዳ ሲሆንበት ሸክሙ ይበዛል። ሁለተኛ፣ በጎ ፈቃደኞችም ስለሚተረጉሙ የአማርኛው ጥራት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ይጥማል፣ ሌላው ይጎረብጣል። ስለዚህ ልጅ ሳያየው በፊት እናንተ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ደግነቱ ፈቃዱ ማሻሻልንም ይጨምራል። የጎረበጠውን ዓረፍተ ነገር የትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር አቃንቶ አዲስ ትርጉም አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። መተርጎሚያው እዚያው ድረ ገጹ ላይ አለ፤ ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን እያየ ይሠራል።

ስለ ደረጃ አንድ ነገር ላክል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው እሱ ነው። ደረጃው በአብዛኛው የወጣው መጽሐፉ መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ነው። የአማርኛ ግሥ ደግሞ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን ጠቅልሎ በአንድ ቃል ይይዛል። በዋናው አራት አጫጭር ቃል የነበረው ወደ እኛ ሲመጣ «አላመጣችላቸውም» ይሆናል። የቃሉ ቁጥር አንሷል፣ ልጁ ግን ዘጠኝ ፊደል በአንድ ትንፋሽ መልቀም አለበት። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «ደረጃ 1» የሚለውን አይታችሁ አትለፉ። መሐል ገጽ ክፈቱና ረጅሙን ቃል ፈልጉ። የ1ኛ ክፍል ልጅ ያን ቃል ካልወጣው መጽሐፉ ለ2ኛ ክፍል ነው።

የእኔ ምርጫ፦ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ ከ3ኛ ክፍል ወዲያ ስቶሪዊቨር። ሁለቱን በአንድ ቦታ መፈለግ የፈለገ ደግሞ ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪን ይሞክር። የኖርዌይ መንግሥት የሚደግፈው ሥራ ነው፤ ይፋ የሆነውም እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከአማርኛ ሌላ በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎችም መጻሕፍት ስላሉት አፍ መፍቻው ሌላ የሆነ ልጅ ያላችሁ እሱን ጎብኙ።

ኔትወርክ ለሌለበት፦ ኮሊብሪ ወይስ ሜሞሪ ካርድ?

ኮሊብሪ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ነጻ ፕሮግራም ነው። ከእሱ በፊት የካን አካዳሚን (ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ነው) ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየውን ኬኤ ላይትን ያወጡት እነሱ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስዳችሁ የምትፈልጉትን ይዘት አንድ ጊዜ ታወርዳላችሁ። ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ ከተራ ዋይፋይ ራውተር ጋር ታገናኙታላችሁ። ልጆቹ በታብሌትም ሆነ በአሮጌ ላፕቶፕ ብሮውዘር ከፍተው ይገባሉ። ሲም ካርድ የለም፣ የዳታ ጥቅል የለም። የአፍሪካን ስቶሪቡክና የስቶሪዊቨር መጻሕፍት፣ የካን አካዳሚ ትምህርቶችም በውስጡ ይገኛሉ። ቪዲዮ ብዙ ቦታ ስለሚበላ ርዕስ እየመረጣችሁ አውርዱ፤ ተረቶቹ ግን ቀላል ናቸው።

ለላይብረሪያን የሚመቸው ሌላው ነገር የልጁን ንባብ መከታተል መቻሉ ነው። መምህር ለአንድ ክፍል የንባብ ዝርዝር ያወጣል፣ ማን እንደጨረሰ ያያል። ለልጅ አካውንት ሲከፈት ኢሜይል አይጠይቅም። ይህን ነጥብ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የልጅ ሙሉ ስም፣ የወላጅ ስልክና ፎቶ በየአፑ መበተን የለበትም። የልጁን የመጀመሪያ ስምና የክፍል ቁጥሩን ብቻ አስገቡ፣ ይበቃል።

አማራጩ መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ አውርዶ በየታብሌቱ ሜሞሪ ካርድ መገልበጥ ነው። ማንም ይችለዋል። ራውተርም ሆነ ይዘቱን የሚያከፋፍል ኮምፒውተር አይፈልግም። ችግሩ አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር እያንዳንዱን ታብሌት መዞር ነው። ታብሌቶቹ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ከሆነ ሜሞሪ ካርድ ይሻላል፣ አትጨነቁ። ከዚያ ከበለጡ ወደ ኮሊብሪ ሂዱ።

ኮሊብሪን ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንድትጭኑት የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። ርካሽ ናት፣ ኃይልም ብዙ አትፈልግም። እኔ ግን ያገለገለ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ፓይዋ በድንገት ትጠፋለች፤ ይህ ሲደጋገም የሜሞሪ ካርዷ ሊበላሽ ይችላል። ፓይዋን ከገዛችሁ በሙሉ ኃይል ከሚሠራ ፓወር ባንክ ጋር ግዟት፣ የካርዱንም ቅጂ አስቀምጡ።

ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስም ጥሩ ነገር ነው። ግን የአማርኛው ውክፔዲያ ለልጅ የተጻፈ አይደለም፣ ብዙ ጽሑፉም አጭር ነው። እንግሊዝኛ ለሚያነቡ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ካልሆነ አሁን አትቸኩሉ።

ፊደል ላልጨረሱ፦ ሁለት አፖች

ፊድ ዘ ሞንስተር በኪዩሪየስ ለርኒንግ በኩል የሚገኝ፣ የአማርኛ ቅጂም ያለው ጨዋታ ነው። ልጁ የሰማውን ድምፅ የያዘውን ፊደል እየጎተተ ጭራቁን ያበላል። መነሻው ለሶርያ ሕፃናት አረብኛ ማንበብ የሚያስተምር አፕ ለመሥራት የተደረገ ውድድር ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለኬጂና ለ1ኛ ክፍል ነው፤ ፊደል የጨረሰ ልጅ ቶሎ ይሰለቸዋል።

ካን አካዳሚ ኪድስ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም። እንደ ትምህርት አፕ ከዚህ የበለጠ በጥንቃቄ የተሠራ ብዙም አታገኙም። ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ገና ያልጠነከረለትን ልጅ እሱ ላይ አትትከሉት።

ሁለቱም ድምፅ አላቸው። ላይብረሪ ውስጥ አሥር ታብሌት አንድ ላይ ሲጮህ ማንም ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ በበጀቱ ይግባ። ባለ ገመድ ይሁን፤ ብሉቱዙ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ይጠፋልም።

በክፍያ ያሉት፦ ኤፒክና ፔብልጎ

ኤፒክ እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስብስብ ነው። ፔብልጎ የአሜሪካው አሳታሚ የካፕስቶን ሥራ ሲሆን ለታዳጊ አንባቢዎች ስለ እንስሳት፣ ስለ ምድር፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በይዘት ጥራት አልከራከርም። ለእኛ ሀገር ላይብረሪ ግን አልመክራቸውም። ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ክፍያው በየዓመቱና በውጭ ምንዛሬ ነው፣ የአማርኛ መጽሐፍም አታገኙባቸውም። ክፍያው የቆመ ቀን የገዛችሁት ነገር እጃችሁ ላይ የለም። በዚያ ገንዘብ የታተመ መጽሐፍ ብትገዙ መደርደሪያው ላይ ይቀራል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ነገሩ ይለያል። የልጃችሁ ትምህርት ቤት ፔብልጎን ወይም ሶራን (ተማሪ ዲጂታል መጽሐፍ የሚዋስበት የኦቨርድራይቭ አፕ ነው) ከፍሎበት ይሆናል። ከራሳችሁ ኪስ ከማውጣታችሁ በፊት ላይብረሪያኑን ጠይቁ፤ ልጁ በትምህርት ቤት አካውንቱ ቤት ሆኖ መግባት ይችል ይሆናል። ለአማርኛው ደግሞ ከላይ ያልኳቸውን ተረቶች አትሙለት። ስቶሪዊቨር ላይ ያንኑ መጽሐፍ በእንግሊዝኛም ስለምታገኙ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል።

ዕቃው፦ ታብሌት፣ ፕሮጀክተር ወይስ ፕሪንተር?

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ፕሮጀክተር ግዙ። ነጭ ግድግዳ ላይ መጽሐፉን ከፍታችሁ ስታነቡ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሥዕሉን እኩል ያየዋል። አንድ ታብሌት ላይ የሚጋፉ አራት ልጆች ውስጥ የሚያነበው አንዱ ነው። ሁለተኛው ፕሪንተር ነው። አንድን ተረት አትሞ፣ አጥፎ፣ ስቴፕል መትቶ ለልጁ መስጠት ይቻላል፤ ልጁም ቤት ወስዶ ለታናሹ ያነብለታል። ታብሌት ሦስተኛ ነው። የኪንድል ዓይነት የመጽሐፍ ማንበቢያ ለዚህ ዕድሜ ይቅር፤ የአብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ሥዕል ያለውን መጽሐፍ ይገድለዋል።

ልጆቹ ታብሌት መያዝ ይችሉ ይሆን ብላችሁ ግን አትስጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረግ ታብሌት ለሕፃናት ሰጥቶ ነበር። ማንም ሳያሳያቸው ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን እንዳገኙ በወቅቱ ብዙ ተወርቷል። ሥልጠና የሚያስፈልገው ለትልቆቹ ነው።

ታብሌት ስትገዙ የሜሞሪ ካርድ ቦታ ይኑረው። ማቀፊያ ይኑረው። ቻርጅ ማድረጊያ ማከፋፈያና ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን አብሮ ይታሰብ። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት አድርጎ (ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ) እንደገና ይክፈተው። የድሮ ባለቤቱን ጂሜይል ከጠየቀ ገንዘባችሁን ያዙ። የምታወርዷቸውን ፋይሎች ስም ስትጽፉም አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከሰየመው ፍለጋው ላይ ግማሹ መጽሐፍ አይወጣም።

«ዲጂታል ላይብረሪ ተጭኖለታል» ተብሎ የቀረበላችሁን ዕቃ ደግሞ ሳትከፍሉ እንዲህ ፈትሹት። ሲሙን አውጡ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ የ2ኛ ክፍል ልጅ ጥሩና ታብሌቱን ስጡት። «አንድ ተረት ፈልገህ አንብብልኝ» በሉት፣ አታግዙት። መጽሐፉን ካላገኘው ወይም ካልተከፈተለት ሻጩ አስተካክሎ ይምጣ። ከተከፈተለት ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠግንላችሁና ይዘቱን ማን እንደሚያድስ በጽሑፍ አስፈርማችሁ ክፈሉ።